ከደንገጎ እስከ ባቢሌ፦ ቶሪየም የሚያድርበት ድንጋይ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በመኪና የሚወጣ ሰው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታትን በአንድ ሰዓት ገደማ ያቋርጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በመሀላቸው የደንገጎ ዳገት አለ። ዳገቱን የሠራው የስምጥ ሸለቆው ስብራት ነው። የአፋር ምድር እየተሰነጠቀ ወደ ታች ሲወርድ የሐረርጌ ደጋ ከፍ ብሎ ቀረ። ሌላ ቦታ ጥልቅ ተቀብሮ የሚገኘው ድንጋይ እዚህ በተራራው ጎንና በሸለቆዎቹ ውስጥ ተገልጦ የሚታየው ለዚህ ነው።

ከላይ ጀምሮ ሲታይ መጀመሪያ የሚመጣው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ አለ። ይሄኛው ባሕር አገሩን ሸፍኖት በነበረበት በጁራሲክ ዘመን የተኛ ደለል ነው። የድሬዳዋ ሲሚንቶ ከእሱ ይሠራል፤ የፖርክ ኤፒክ ዋሻም እሱ ውስጥ ነው። ከኖራው በታች የአሸዋ ድንጋይ ይከተላል። የሁሉም መሠረት ግን ከታች ያለው ግራናይትና ናይስ (በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ድንጋይ) ነው። ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል።

ጨረር የሚለቀውን ቶሪየም የተባለ ብረትና እንደ ሴሪየምና ኒዮዲሚየም ያሉትን ብርቅዬ የምድር ማዕድናት የሚፈልግ ሰው ዓይኑን መጣል ያለበት እዚህ መሠረት ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቶሪየም፣ ሴሪየም፣ ላንታነም፣ ኒዮዲሚየምና መሰሎቻቸው አቶሞቻቸው ትልልቅ ናቸው። የቀለጠ ድንጋይ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚረጉት ማዕድናት ቦታ አይሰጧቸውም። ስለዚህ በፈሳሹ ውስጥ እየቀሩ፣ እየተከማቹ ይሄዳሉ። በመጨረሻ የቀረችው ጥቂት ፈሳሽ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ስትረጋ ፔግማታይት የሚባለው ድንጋይ ይወለዳል። በጉጂ ያለው የቀንጢቻ ታንታለም የተባለው ብረት የሚገኘው በእንዲህ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው። በሐረርጌ መሠረት ድንጋይም ፔግማታይት አለ።

ፔግማታይትን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ክሪስታሎቹ ትልልቅ ናቸው። ሮዝ ወይም ነጭ ፌልድስፓር፣ ብርጭቆ የሚመስል ኳርትዝ፣ በጥፍር እየተላጠ የሚነሳ ሚካ ጎን ለጎን ይታያሉ። ቶሪየም ያለባት ቅንጣት ስትኖር ደግሞ ምልክት ትተዋለች። አላናይት የሚባለው ጥቁር ማዕድን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በውስጡ ያለው ቶሪየም በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ የሚለቀው ጨረር የራሱን ክሪስታል ያፈርሰዋል። የፈረሰው ክሪስታል ያብጣል። ያኔ በዙሪያው ያለው ድንጋይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሰነጠቃል፤ ፌልድስፓሩ ቀይ ይሆናል፤ ኳርትዙ እንደ ጭስ ይጠቁራል። ቀይ ቀለበት፣ ቀጫጭን ስንጥቆች፣ መሀል ላይ ጥቁር ነጥብ። ይህን ያየ ጂኦሎጂስት ሳይመታው አያልፍም።

ከሐረር ወደ ባቢሌ ሲኬድ መንገዱ ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል። ከባቢሌ ወዲያ ደግሞ ዳካታ አለ። አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው የቆሙት ድንጋዮች፣ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳቸው፣ የዚህ ጥንታዊ ግራናይት ቅሪቶች ናቸው። ዝናብና ፀሐይ ስንጥቁን ተከትለው ለስላሳውን ክፍል አሸዋ አደረጉት። ጠንካራው እምብርት ቆሞ ቀረ። ለእኔ ከቆሙት ድንጋዮች ይልቅ የወደቀው አሸዋ ይበልጥ ያጓጓል።

አሸዋው የሚያጓጓው በሞናዛይት የተነሳ ነው። ሞናዛይት ቶሪየምና ብርቅዬ ማዕድናት አብረው የሚኖሩበት ዋናው ፎስፌት፣ ማለትም ፎስፈረስ ያለበት ማዕድን ነው። ቀለሙ ከማር ቢጫ እስከ ቀይ ቡናማ ይደርሳል። ከክብደቱ ግማሽ በላይ የብርቅዬ ማዕድናት ኦክሳይድ ነው። ከዚያ ላይ ጥቂት በመቶ፣ አንዳንዴም ከ10 በመቶ በላይ፣ ቶሪየም ኦክሳይድ ይይዛል። በውሃ አይሟሟም። ክብደቱ የኳርትዝን እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ጎርፍ ሲመጣ ሰፌድ እንደያዘች ሴት አሸዋውን ያበጥረዋል፤ ቀላሉን ይወስዳል፣ ከባዱን ይተዋል። የሕንድ የኬረላ ዳርቻ ሞናዛይት የተከማቸው በዚሁ ሥራ ነው። እዚያ ያበጠረው የባሕር ሞገድ ነው።

ግራናይት በሚሸረሽር ወንዝ፣ ከጎርፍ በኋላ በመታጠፊያው ላይ የተኛችውን ጠቆር ያለች አሸዋ በሰሃን ማጠብ የፍለጋው ርካሹ ዘዴ ነው። ነጩ ታጥቦ ሲሄድ ከሥር ጥቁር ብናኝ ይቀራል። ማግኔት ሲጠጋው ማግኔታይቱ ዘሎ ይጣበቃል። የቀረው ኢልመናይት፣ ጋርኔት፣ ዚርኮንና፣ ካለ፣ ሞናዛይት ነው። ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝም አሸዋ አያጣም፤ ግን የደቻቱ ጥቁር አሸዋ ከባዛልት የመጣ ማግኔታይት ሊሆን እንደሚችል ልብ ይሏል። የጠቆረ ሁሉ ሀብት አይደለም።

መሣሪያ የያዘ ሰውም እንዲሁ ሊሳሳት ይችላል። የጨረር መቁጠሪያ ሮዝ ግራናይት ላይ ሲቀመጥ ይጮኻል። ብዙ ጊዜ ግን የሚያስጮኸው በፌልድስፓሩ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ነው። ሁለቱን ለመለየት የጨረሩን ጉልበት የሚለካ ስፔክትሮሜትር ያስፈልጋል። የፖታሲየም 1.46 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ይታያል፤ የቶሪየም ዘር ደግሞ 2.61 ላይ። መሣሪያውን መናቅም አይገባም። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ያለው ትልቁ የማውንቴን ፓስ ብርቅዬ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1949 የተገኘው ዩራኒየም ፈላጊዎች በቆጣሪ ጩኸት ተመርተው ነው። ያገኙት ዩራኒየም ሳይሆን ብርቅዬ ማዕድናትን የያዘው ባስትናሳይት ነበር።

ቶሪየም ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ማሾ የሚያበሩ ሰዎች ያን ነጭ ብርሃን የሚያገኙት ከትንሿ የጨርቅ ከረጢት ነው። ኦስትሪያዊው ካርል አውወር ፎን ቬልስባህ እ.ኤ.አ. በ1891 ለዚህ የቀመረው ድብልቅ 99 በመቶ ቶሪየም ኦክሳይድ፣ 1 በመቶ ሴሪየም ኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ገበያው ተገልብጧል። የሚፈለገው ኒዮዲሚየም ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ውስጥ ያለው ማግኔት ይሠራበታል። ቶሪየሙ ግን ለአብዛኛው ማዕድን አውጪ ሸክም ነው። ለኑክሌር ነዳጅነት ሊውል ቢችልም ገዢው ጥቂት ነው።

ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከመዳብ አያንስም። ቶሪየምም ከዩራኒየም ሦስት እጥፍ ያህል ይበዛል። ችግሩ መገኘቱ ላይ አይደለም፤ በአንድ ቦታ በብዛት ተከማችቶ መገኘቱና መለያየቱ ላይ ነው። አንዲት ያማረች ፔግማታይት ማዕድን ማውጫ አትሆንም። ስፋቷ፣ ጥልቀቷ፣ በቶን ስንት ግራም እንደምትሰጥ በቁፋሮ መታወቅ አለበት። ከዚያ ሞናዛይቱ በአሲድ ወይም በኮስቲክ ሶዳ ይፈታል። ብርቅዬዎቹ ይለያሉ። ቶሪየሙ ዝቃጭ ውስጥ ይቀራል። የቶሪየም 232 ግማሽ ዕድሜ 14 ቢሊዮን ዓመት ስለሆነ ዝቃጩ በሰው ዕድሜ ተጠብቆ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ውሃውን ማንሳት ግድ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ መምጣቱን ይናገራል። ቶሪየም በተፈጥሮ ድንጋዩ ውስጥ እንዳለ ከሆነ በውሃ አይሟሟም፤ ቅንጣቱ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። አሲድ ከነካው በኋላ ግን ቁልፉ ይከፈታል፤ ከእሱ የሚወለደው ራዲየም 228ም ከውሃ ጋር ይጓዛል። ስለዚህ ዝቃጩ ከየትኛው ጉድጓድ በላይ እንደሚቀመጥ ከቁፋሮው በፊት መታወቅ ያለበት ነገር ነው። ማዕድኑን ለዓይናችን የገለጡት የደንገጎ ስብራቶች በደጋው ላይ የዘነበውን ዝናብ በስንጥቆቻቸው ወደ ድሬዳዋ ከርሰ ምድር የሚያወርዱም ናቸው።