ለአርክቲክ ስኪ ጉዞ የቱ ወር ይሻላል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስኪ እግር ላይ በሚታሰር ረጅም ጠፍጣፋ መንሸራተቻ በረዶ ላይ መሄድ ነው፤ ስኪ ቱሪንግ ደግሞ ሰውን ወደ ተራራው የሚያወጣ ሊፍት የሌለበት ስኪ ነው። ከስኪው ሥር ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ጠጉራም ጨርቅ ይለጠፍና ተራራው በራስ ጉልበት ይወጣል። ጫፍ ላይ ጨርቁ ይላቀቃል፣ ከዚያ ቁልቁል ነው። ይህን በአርክቲክ ለማድረግ ብዙ ሰው ወደ ሰሜን ኖርዌይ፣ ወደ ስዊድን ላፕላንድ ወይም ወደ ስቫልባርድ ደሴቶች ይሄዳል። ስዊድን ያለ ሰው ከስቶክሆልም በሌሊት ባቡር ተነስቶ በማግስቱ አቢስኮ መውረድ ይችላል። አስቸጋሪው ጥያቄ መቼ የሚለው ነው። በዚህ ላይ ሲነገር ከምሰማው ብዙው ስህተት ነው፤ አንዳንዱ ሕይወት ያስከፍላል። ወሮቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ፤ ትኬቱም ማረፊያውም የሚያዘው በዚያው ነው።

«በረዶ ከተባለ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ነው»

በረዶውስ አለ። የሌለው ብርሃን ነው። የሰሜን ኖርዌይ ከተማ በሆነችው ትሮምሶ ላይ ፀሐይ በኖቬምበር መጨረሻ ከጠለቀች እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። እኩለ ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ድንግዝግዝ ይሆናል፣ በቃ። ስቫልባርድ ይብሳል። ሎንግየርብየን ከተማን ተራራ ስለሚጋርዳት ፀሐይ ተመልሳ የምታርፍባት ማርች 8 አካባቢ ነው፤ ነዋሪው ወጥቶ በበዓል ይቀበላታል።

ጨለማውን በግንባር መብራት የምንወጣው አይምሰላችሁ። መብራቱ ከፊታችሁ ያለውን ያሳያል እንጂ ከላያችሁ ያለውን ቁልቁለት አያሳይም። ነፋሱ በረዶውን የት እንደከመረው፣ ትናንት የበረዶ ናዳ ወርዶ እንደሆነ አይታይም። ጃንዋሪ 2 ቀን 2019 ከትሮምሶ ደቡብ ምሥራቅ ባለው በታሞክዳለን ሸለቆ አራት ስኪ ተጓዦች በናዳ ሞቱ። በመጥፎው አየርና በናዳ ስጋት የተነሳ አስከሬናቸውን ለማውጣት ከሳምንት በላይ ፈጀ።

«አርክቲክ ሁሉም ያው ነው፣ ይበርዳል»

አይደለም። የኖርዌይን ጠረፍ ከደቡብ የሚመጣ ሞቃት የባሕር ጅረት ያሞቀዋል። ትሮምሶ በጃንዋሪ በአማካይ ከዜሮ በታች 3 ወይም 4 ዲግሪ ቢሆን ነው፤ በክረምት መሀል ዝናብ የሚጥልበት ቀንም አለ። ከትሮምሶ በስተምሥራቅ ባለው ሊንገን ልሳነ ምድር ላይ ጉዞው ከባሕሩ ዳር ይጀምራል፤ ተራሮቹ ከ1,800 ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ጠዋት ዳርቻው ላይ ስኪያችሁን ስታስሩ ዝናብ ያካፋል፣ በረዶው ውሃ የጠጣ ነው፣ ጨርቁ ይርሳል። ከበርች ዛፎቹ በላይ 500 ሜትር ከወጣችሁ በኋላ ያው የረጠበ ጨርቅ ይቀዘቅዝና በረዶ ይለጣጠፍበታል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ይከብዳል። ጨርቁ ላይ የሚቀባ ሰም ይዞ የሄደ ሰው ያን ጊዜ ይጠቀማል።

ወደ ውስጥ ስትገቡ ሌላ ዓለም ነው። አቢስኮ በስዊድን ዝናብም በረዶም በጣም ከሚያንሳቸው ቦታዎች አንዱ ነው፣ ብርዱ ግን ደረቅና ብርቱ ነው። ከዚያ ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት በኖርዌይ ድንበር ላይ ያለው ሪክስግሬንሰን ደግሞ በረዶ ይከመርበታል።

ስለዚህ ለሊንገን ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ፣ ለአቢስኮ ማርችና ኤፕሪል፣ ለስቫልባርድ ኤፕሪል፣ ለሪክስግሬንሰን እስከ ሜይ መጨረሻ ጭምር እላለሁ። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ኤፕሪልን ነው።

«ኤፕሪል ከገባ በረዶ አለቀ»

ትሮምሶ ላይ እስካሁን ከተለካው ሁሉ ወፍራሙ በረዶ 2 ሜትር ከ40 ነው። የተለካው ኤፕሪል 29 ቀን 1997 ነበር። ሜይ ላይ ከታች ጭቃ ሊሆን ይችላል፤ ስኪውን ትከሻ ላይ ተሸክሞ በረዶው እስከሚጀምርበት መሄድ ነው።

«ቀኑ ከረዘመ ናዳው ቀነሰ»

ይህኛው ነው በጣም የሚያሳስበኝ፤ ምክንያቱም ሰማዩ ጥርት ሲል ሰው ልቡን ይጥላል። በማርች 2012 ሊንገን አካባቢ ሶርብሜጋይሳ ተራራ ላይ አንድ ናዳ አምስት ስኪ ተጓዦችን ገደለ። ማርች፣ ብዙ ሰው «ምርጡ ወር» የሚለው።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ቀደም ብሎ፣ በክረምቱ መግቢያ ነው። ያኔ በረዶው ስስ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከላይ ያለው አየር ከዜሮ በታች 15 ወይም 20 ይሆናል። በዚህ ልዩነት የተነሳ የታችኛው በረዶ እርስ በርሱ መያያዝ ትቶ እንደ ስኳር የሚፈስ ጥራጥሬ ይሆናል። በላዩ የወራት በረዶ ይከመራል። ያ ደካማ ንጣፍ ግን እስከ ማርችና ኤፕሪል እዚያው ሊቆይ ይችላል። አንድ ሰው ስኪውን ሲያሳርፍበት ከሥር ደፈን ያለ «ውምፍ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ከስኪው ጫፍም ስንጥቅ ይሮጣል። ይህን የሰማ ሰው ያለ ክርክር ወደ ኋላ ይመለስ። የኖርዌይ የተራራ ደንብ ራሱ መመለስ አያሳፍርም ይላል።

የኖርዌይ መንግሥት ቫርሶም በሚባለው አገልግሎት ከዲሴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በየቀኑ የናዳ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። አደጋው ከ1 እስከ 5 ይመደባል። 3 ሲባል «መሀል ላይ ነው» ብሎ መረጋጋት ትልቅ ስህተት ነው፤ ብዙው ሰው የሚሞተው ደረጃ 3 ላይ ነው። ቁጥሩን ብቻ አትመልከቱ። አደጋው በተራራው በየትኛው ፊት፣ ከስንት ሜትር በላይ እንደሆነም ይጽፋል። ደረጃ 3 በሆነበት ቀን ከ30 ዲግሪ በታች ያለ ዳገት መርጦ፣ ከቁልቁለት ሥር ርቆ መሄድ ይቻላል። በናዳ የተቀበረ ሰው መፈለጊያ ራዲዮ፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ ግን በየትኛውም ወር ከጀርባ አይጠፉም።

«ሜይ ላይ ፀሐይ ስለማትጠልቅ ሰዓቱ ለውጥ የለውም»

በጣም አለው። ትሮምሶ ላይ ፀሐይ ከሜይ 20 አካባቢ ጀምሮ አትጠልቅም፣ ግን ትዞራለች። እኩለ ሌሊት ላይ በሰሜን በኩል ናት። ስለዚህ በሌላ አገር ሌሊቱን ጥላ ውስጥ የሚያድረው የሰሜን ፊት እዚህ በሌሊት ፀሐይ ያገኛል። ሰማዩ ጥርት ካለ ሌሊቱን በረዶው መልሶ ይጠነክራል። ከዚያ ፀሐይ ላዩን ትንሽ ስታለሰልሰው በስኪው እንደልብ መዞር ይቻላል። ደመና ከሸፈነው ግን ሙቀቱ ታምቆ ያድራል፣ በረዶው አይጠነክርም፣ እግር እስከ ጉልበት ይሰምጣል። ያን ጊዜ እርጥብ ናዳ ነው የሚመጣው። ሰዓት ሳይሆን እግራችሁ ምን ያህል እንደሰመጠ እዩ።

«የሰሜን ብርሃንንም አብሬ አያለሁ»

ይህ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው ባለ ቀለም ብርሃን ጨለማ ይፈልጋል፤ በኤፕሪል አጋማሽ ግን ሌሊቱ በጣም ይነጣል። ሁለቱንም የፈለገ ማርች ይሂድ።

«ለፋሲካ እረፍት ሄጄ ማረፊያ እዚያው እፈልጋለሁ»

አይገኝም። በፈረንጆቹ ፋሲካ ኖርዌይም ስዊድንም ወደ ተራራ ይወጣል፤ ጎጆዎቹ ቀድመው ይሞላሉ። በ2027 የእነሱ ፋሲካ ማርች 28፣ የእኛ ሜይ 2 ነው። ሁዳዴን ለሚጾም ሰው ይህ ቁም ነገር ነው። ቆሎና በሶ ብርድ ላይ ምርጥ ስንቅ ናቸው፣ ቸኮሌቱ ድንጋይ ሲሆን እነሱ ይበላሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ 1,000 ሜትር መውጣት ግን በዚያ ብርድ አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከእኛ ፋሲካ በኋላ ያለውን ሳምንት ቢይዝ ይሻለዋል። በሜይ መጀመሪያ ሪክስግሬንሰንም የሊንገን ከፍታዎችም አብዛኛውን ጊዜ በረዶ አላቸው፣ ቦታም በቀላሉ ይገኛል።