«ኮዱ ራን አድርጓል» ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም

የመመረቂያ ጽሑፉን ዳታ በኮድ ተንትኖ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ «ኮዱ ራን አድርጓል (ሠርቷል)፣ ኤረር (የስህተት መልእክት) የለውም» ይላል። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ስለ ዳታ ትንተና የሚነገሩትን ትንንሾቹን አባባሎች እናራግፍ።

«ሒሳብ የማይሆንለት አይችለውም።» ለጀማሪ አማካይ፣ ሚዲያን (በቅደም ተከተል መሃል ላይ የሚውለው ቁጥር)፣ መቶኛና ስርጭት ይበቁታል።

«ከመተንተኛ ቋንቋዎቹ አር ይሻላል ወይስ ፓይተን?» አጠገባችሁ ያለው ሰው የሚሠራበት ይሻላል፤ ሌሊት ሲቸግራችሁ የምትደውሉት ለእሱ ነውና።

«ትዕዛዞቹን መሸምደድ ያስፈልጋል።» ማንም አይሸመድድም።

«ዳታውን መጀመሪያ ኤክሴል ላይ ላጽዳው።» ተዉ። በእጅ የተሰረዘ ረድፍ አሻራ የለውም፤ ፈታኙ «410 የነበረው እንዴት 396 ሆነ?» ሲል መልስ ይጠፋል። ኤክሴል በ09 የሚጀምረውን ስልክ ቁጥር እንኳ ዜሮውን በልቶ ነው የሚያስቀምጠው። ጥሬው ፋይል አይነካም፤ እርማት ሁሉ በኮድ ይጻፋል።

አሁን ወደ ዋናው። ሶፍትዌር ኤረር የሚያወጣው ትዕዛዙ ሳይገባው ወይም ሳይሆንለት ሲቀር ነው። የገባውን ግን፣ ከንቱም ቢሆን፣ ያለ ቅሬታ ይሠራዋል። ዕድሜውን ላልተናገረ ሰው 99 የተሞላበት መጠይቅ ውሰዱ። መላሾቹ 500 ናቸው፤ የ490ው አማካይ ዕድሜ 34፣ የአሥሩ 99። አማካዩ 35.3 ይወጣል። ማንን ያጠራጥራል? የተሞላው 999 ቢሆን ኖሮ 53.3 ወጥቶ ያስደነግጥ ነበር፤ 99 ግን ተደብቆ ያልፋል። ስለዚህ ዳታው እንደተከፈተ የእያንዳንዱን ዓምድ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር እዩ፤ 99ኙንም የጎደለ መረጃ ብላችሁ ቀይሩት።

ክልልም እንዲሁ ነው። ትግራይ 1፣ አፋር 2፣ አማራ 3 ተብሎ የተሞላ ዓምድ እንደ ቁጥር ሪግሬሽን (የአንዱን ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና የሚለካ ስሌት) ውስጥ ከገባ፣ ከትግራይ ወደ አፋርና ከአፋር ወደ አማራ ያለው ልዩነት እኩል ነው ተብሎ ይሰላል። አር ላይ መጀመሪያ ፋክተር (ቁጥሩ መጠን ሳይሆን የምድብ ስም ሆኖ የሚታይበት ዓምድ) ይደረጋል።

ሁለት ፋይል ስታጣምሩ ደግሞ ረድፍ ቁጠሩ፤ ከማጣመር በፊትም በኋላም። የ300 ቤተሰብ ፋይል ከ1,200 አባላት ፋይል ጋር ሲጣመር 1,200 ረድፍ ይወጣል። በዚያ ላይ የቤተሰብ ገቢ አማካይ ብታወጡ፣ ዘጠኝ ሰው ያለበት ቤት ዘጠኝ ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። ከ1,200 በላይ ከወጣማ በቤተሰቡ ፋይል ውስጥ የቤተሰብ መለያው ተደጋግሟል፤ እሱን ሳታስተካክሉ አትቀጥሉ።

የእኛ አገር ዳታ የራሱ ወጥመድ አለው፦ የዘመን አቆጣጠር። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ፋይሎች ቀንን የሚያስቀምጡት ከ1900 ጀምሮ በተቆጠረ ወር ነው፤ የሚቆጥሩትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። መስከረም 2008፣ 108 በ12 ተባዝቶ 1 ሲደመርበት፣ 1297 ይሆናል። ወደ ፈረንጆቹ ለመቀየር 92 ይደመራል፦ 1389፣ ማለትም ሴፕቴምበር 2015። ፋይሉን ለብቻው ለሚሠራበት ችግር የለም፤ ዕድሜ ሲሰላ ሁለቱም ቀኖች አንድ አቆጣጠር ላይ ናቸው። ከዝናብ ወይም ከገበያ ዋጋ ዳታ ጋር ያጣመረው ግን 92ቱን ከረሳ፣ በመስከረም 2008 የተወለደው ሕፃን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2008 ከጣለው ዝናብ ጋር ይገጥማል። ኤረር አይወጣም።