ላምቤዝ 1.10 ምንድን ነው?

ባጭሩ የአንድ ስብሰባ ውሳኔ ነው፣ ላምቤዝ የስብሰባው ስም፣ 1.10 ደግሞ የውሳኔው ቁጥር ነው። በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከመላው ዓለም የመጡ የአንግሊካን (ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመነጩት ቤተ ክርስቲያኖች) ጳጳሳት እንግሊዝ አገር ካንተርበሪ ላይ ተሰብስበው ስለ ትዳርና ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ያጸደቁት ነው፣ በ526 ድጋፍ፣ በ70 ተቃውሞና በ45 ድምፀ ተአቅቦ። ከዛ ወዲህ አንግሊካኖች በዚህ ጉዳይ በተጣሉ ቁጥር አንዱ ወገን እንደ ድንበር ድንጋይ ይቆምበታል፣ ሌላው ደግሞ "እሱ እኮ ምክር ነው" ይላል።

ምክር ነው የሚሉት ዝም ብለው አይደለም። አንግሊካን ውስጥ እንደ ካቶሊክ ፖፕ የሚባል የለም። ላምቤዝ ኮንፈረንስ የሚባለው ስብሰባ ከ1867 ጀምሮ በግምት በየአስር ዓመቱ በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ነው የሚጠራው፣ ግን ሊቀ ጳጳሱ መጥራት እንጂ የናይጄሪያን ወይ የአሜሪካን ቤተ ክርስቲያን ማዘዝ አይችልም። ዛሬ 42 ራሳቸውን የቻሉ ቤተ ክርስቲያኖች አሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሲኖዶስና የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ ስለዚህ ጳጳሳቱ ካንተርበሪ ላይ ያጸደቁት ነገር አገር ቤት ሕግ የሚሆነው የየራሳቸው ሲኖዶስ ከተቀበለው ብቻ ነው። ይሄን ካልያዝን የቀረው ታሪክ ግራ ያጋባል።

ውሳኔው ትዳር የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት የዕድሜ ልክ ጥምረት ነው፣ ለትዳር ያልተጠራ ሰው ታቅቦ ይኑር ይላል። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት መፈጸም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይሄድም ይላል (ይቺን ሐረግ ያስገቡት የታንዛኒያው ሊቀ ጳጳስ ዶናልድ ምቴቴሜላ ናቸው፣ መጀመሪያ የቀረበው ረቂቅ ላይ አልነበረችም)። እንዲህ ያለ ጥምረት መባረክንም ሆነ በዛ ጥምረት ውስጥ ያለን ሰው ለክህነት መሾምን አንመክርም ይላል። ግን እዛው ወረቀት ላይ የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ያላቸውን ሰዎች እግዚአብሔር እንደሚወዳቸው፣ ተጠምቀው የሚያምኑ ሁሉ የክርስቶስ አካል ሙሉ አባላት እንደሆኑ፣ ጳጳሳቱም የሕይወት ገጠመኛቸውን ለመስማት ቃል እንደሚገቡ፣ በእነሱ ላይ ያለው ምክንያት የለሽ ፍርሃትም መወገዝ እንዳለበት ተጽፏል። ይሄኛው ግማሽ ብዙም አይጠቀስም፣ እኔ በበኩሌ ከዚህ ክርክር ሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነው፣ ሁሉም የሚፈልጋትን ቆርጦ ይወስዳል። እንደውም በዛው ስብሰባ ሰሞን አንድ የናይጄሪያ ጳጳስ ከአዳራሹ ውጪ ካሜራ ፊት የአንድ እንግሊዛዊ ግብረ ሰዶማዊ ዲያቆን ጭንቅላት ላይ እጅ ሊጭኑና መንፈስ ሊያስወጡለት ሲሞክሩ ታይተዋል፣ መስማት የሚለው ነገር ገና ከጅምሩ ምን ላይ እንደነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

እሺ፣ ግን ጸቡ ለምን ሁሌ አገልጋዮች ላይ ይመጣል? ምእመን ላይ እኮ ይሄን ያህል አይጮህም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት በ1991 ባወጡት ሰነድ አንድ ምእመን በኅሊናው ወስኖ በታማኝነት ከተመሳሳይ ጾታ አጋሩ ጋር ቢኖር ከኅብረታችን አናስወጣውም፣ ቄስ ግን እንደዛ መኖር አይችልም ብለው ነበር። ምክንያቱም ቄስ የሚያስተምረው በአፉ ብቻ ሳይሆን በኑሮውም ነው ይባላል፣ እዚህ ላይ ወግ አጥባቂዎቹ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3ን ያመጣሉ፣ ኤጲስ ቆጶስ "የማይነቀፍ፥ የአንዲት ሚስት ባል" ይሁን የሚለውን። ጳጳስ ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ጳጳስ ሌሎች ቄሶችን የሚሾም ሰው ነው፣ የሱን ሹመት ያልተቀበለ ሰው እሱ የሾማቸውንም መቀበል ይቸግረዋል፣ በዛ ላይ ጳጳስ የአንድ ሀገረ ስብከት ብቻ ሳይሆን የመላዋ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። ስለዚህ አሜሪካ ላይ የተደረገ ሹመት ካምፓላ ላይም ጥያቄ ይሆናል ማለት ነው።

በ2003 የሆነውም ይሄው ነው። የኒው ሃምፕሻየር ሀገረ ስብከት ጂን ሮቢንሰንን መረጠ፣ ከወንድ አጋሩ ጋር በግልጽ የሚኖር ቄስ ነበር፣ ኤጲስቆጳላዊት የምትባለው የአሜሪካ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤም አጸደቀለትና በኖቬምበር ተሾመ። በራሳቸው ሕግ ከታየ አንድም የተጣሰ ነገር የለም፣ በ1.10 ከታየ ግን ፊት ለፊት መጣስ ነው። በዛው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ጄፍሪ ጆን ለሬዲንግ ጳጳስነት ታጭቶ ነበር፣ እሱ አጋር ቢኖረውም ታቅቦ እንደሚኖር ተናግሯል፣ ማለትም የ1.10ን መስፈርት ያሟላል፣ ሆኖም ግፊቱ ስለበዛ ራሱን አገለለ። ለኔ ከሮቢንሰን ይልቅ የዚህ ሰው ታሪክ ነው ብዙ የሚናገረው፣ ዝንባሌና ድርጊት ይለያያሉ የሚለው መስመር ወረቀት ላይ ግልጽ ቢሆንም ሹመት ሲመጣ አልያዘም።

ለዘብተኞቹ የሚያነሱት ጥሩ መከራከሪያ አለ፣ እሱም ላምቤዝ ራሱ ሐሳቡን ቀይሮ ያውቃል የሚለው ነው። በ1888 ብዙ ሚስት ያለው ሰው አይጠመቅ ብሎ የወሰነው ኮንፈረንስ በ1988 ሌላ ላይጨምር ቃል ከገባ ሚስቶቹን ሳይፈታ ሊጠመቅ ይችላል ብሏል። የወሊድ መቆጣጠሪያም ከ1930 በፊት የተወገዘ ነበር። ሌሎቹ ሲመልሱ ግን ባለ ብዙ ሚስቱን አጠመቅነው እንጂ ጳጳስ አላደረግነውም ይላሉ፣ መልሱም ቀላል አይደለም፣ አባል መሆንና መሪ መሆን በአንድ ሚዛን መለካት አለባቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ጋር መልሶ ያመጣናል።

ከዛ በኋላ ነገሩ ተካረረ። በ2008 የናይጄሪያ፣ የኡጋንዳ፣ የሩዋንዳና የሌሎችም ጳጳሳት ላምቤዝን ትተው ኢየሩሳሌም ላይ ጋፍኮን የሚባለውን የራሳቸውን ጉባኤ አደረጉ፣ በ2009 ደግሞ ከአሜሪካና ከካናዳ ቤተ ክርስቲያኖች የወጡት ተሰባስበው ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። ይሄ በነገራችን ላይ የአንግሊካኖች ብቻ ጣጣ አይደለም፣ የአሜሪካ ሉተራኖች በ2009 በተመሳሳይ ጾታ ጥምረት ያሉ ፓስተሮችን ሲፈቅዱ በ2013 የእኛዋ ሉተራናዊት መካነ ኢየሱስ ከእነሱም ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንም ጋር ግንኙነቷን አቋርጣለች፣ ዩናይትድ ሜቶዲስቶችም በሺዎች የሚቆጠሩ አጥቢያዎች ከወጡባቸው በኋላ በ2024 በግብረ ሰዶማውያን አገልጋዮች ላይ የነበረውን ክልከላ አንስተዋል።

በ2022 ላምቤዝ ላይ 1.10 እንደገና ይጽና ተብሎ ረቂቅ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ተቃውሞ ሲነሳ ተለሳለሰ። የዛን ጊዜው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ውሳኔው አሁንም እንዳለ ነው ብለው ጻፉ፣ ግን ውሳኔውን ያልተከተሉትን ቤተ ክርስቲያኖች እንደማይቀጡ ተናገሩ፣ ሁለቱንም ወገን ለመያዝ መሆኑ ነው እንግዲህ። ብዙም አልቆየም፣ በፌብሩዋሪ 2023 የእንግሊዝ ሲኖዶስ ራሱ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የሚደረግ የቡራኬ ጸሎት ሲቀበል የግሎባል ሳውዝ (በአብዛኛው የአፍሪካና የእስያ ወግ አጥባቂ አንግሊካኖች ስብስብ) መሪዎች ካሁን በኋላ ዌልቢን እንደ መሪ አናይም አሉ፣ በኦክቶበር 2025 ደግሞ ጋፍኮን እውነተኛው የአንግሊካን ኅብረት እኛ ነን ብሎ አወጀ። 1.10 ግን እስካሁን በየትኛውም ላምቤዝ ኮንፈረንስ አልተሻረም።