የሆሎኮስት መታሰቢያ ለምን ሁለት ቀን ሆነ?

የእስራኤሉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ቀን ሲደርስ «በጃንዋሪ አስበነው የለ እንዴ?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል። ሁለቱ ቀኖች ይለያያሉ። የሚታሰቡት ግን ያው በናዚዎች የተጨፈጨፉት 6 ሚሊዮን አይሁዶች ናቸው።

ጃንዋሪ 27ን የወሰነው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው፣ በ2005። በ1945 የሶቪየት ጦር የናዚዎችን የሞት ካምፕ አውሽቪትስን ነፃ ያወጣበት ቀን ስለሆነ አይቀያየርም።

የእስራኤሉ የመታሰቢያ ቀን፣ ዮም ሃሾአ፣ በዕብራውያን አቆጣጠር ኒሳን በሚባለው ወር 27ኛው ቀን ነው። እንደ ፋሲካ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። የአይሁዶችን ሰንበት ቅዳሜን እንዳይነካ ዓርብ ከዋለ ወደ ሐሙስ፣ እሑድ ከዋለ ወደ ሰኞ ይዛወራል። በ2024 ሜይ 6፣ በ2025 ኤፕሪል 24 ታስቧል። ቀኑ የተመረጠው ናዚዎች አይሁዶችን ያጎሩበትን የዋርሶ ጌቶ ሰፈር አመፅ ለማስታወስ ጭምር ነው። በ1943 እዚያ የታገቱ አይሁዶች መሣሪያ አንስተው ናዚዎችን ተጋፈጡ። «ዝም ብለው ተነዱ» ሲባል የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

በእስራኤል በዮም ሃሾአ የየትምህርት ቤቱና የየመሥሪያ ቤቱ ዝግጅት ይለያያል። ለመታሰቢያ የሚነፋው ሳይረን ግን ለሁሉም አንድ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት፣ በእስራኤላውያን አቆጣጠር 10 ላይ፣ ሁለት ደቂቃ ይጮኻል። ሹፌሩ አውቶቡሱን አቁሞ ይወርዳል። ተሳፋሪውም አስፋልቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለእስራኤል አዲስ ከሆናችሁ አትደንግጡ። ድምፁ ከፍ ዝቅ ካላለ የሮኬት ማስጠንቀቂያ አይደለም። አትሩጡ፣ አብራችሁ ቁሙ።