የኤችፒቪ ክትባት ምንድን ነው? ለምንስ ለትንንሽ ሴት ልጆች ይሰጣል?

«ልጄ ገና ስድስተኛ ክፍል ናት። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሚተላለፍ በሽታ አሁን ምን አስቸኮላት?» ብዙ ወላጆች ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት ሊሰጥ ነው ሲባሉ መጀመሪያ የሚያነሱት ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከመቆጣት ይልቅ መመለስ ይሻላል።

ኤችፒቪ ከ200 በላይ ዓይነት ያለው የቫይረስ ቤተሰብ ነው። አንዳንዶቹ እጅና እግር ላይ ኪንታሮት ከማውጣት አያልፉም። አንዳንዶቹ ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋሉ። ግንኙነት የጀመረ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳን ሳይዘው አይቀርም። በአንድ ለአንድ ተወስነው የሚኖሩ ባለትዳሮችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ስለዚህ ቫይረሱ ተገኘባት ማለት ሴትየዋ ባለጌ ናት ማለት አይደለም። ይህን ደጋግሜ ብናገር ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሴቶች በሐፍረት ብቻ ሳይመረመሩ ቀርተዋልና።

አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ቫይረሱን ራሱ ያጠፋዋል። ሰውየው መያዙንም አያውቅም። ጣጣው የሚመጣው አልለቅም ሲል ነው። በተለይ 16 እና 18 የሚባሉት ዓይነቶች የማህፀን በር ላይ ለዓመታት ተደብቀው ሴሎቹን ቀስ በቀስ ይለውጣሉ። ከ100 የማህፀን በር ካንሰሮች 70 ያህሉ የእነዚህ የሁለቱ ሥራ ናቸው። ከቫይረሱ እስከ ካንሰሩ 15 ወይም 20 ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ኤችአይቪ በደሟ ያለና ሕክምና ያልጀመረች ሴት ላይ ግን በጣም ይፈጥናል። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን ያሳዩት ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራቸው ነው።

ክትባቱ የቫይረሱን የውጭ ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ የሚራባ ነገር የለበትም፤ ስለዚህ በሽታውን ሊሰጥ አይችልም። ሰውነት ቅርፊቱን አይቶ መከላከያ ያዘጋጅና እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣ ሴል ውስጥ ሳይገባ ይይዘዋል። ከገባ በኋላ ግን ክትባቱ አያስወጣውም። የወላጆቹ ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። ክትባቱ መድኃኒት ስላልሆነ መቅደም አለበት። ልጅቷ ስለተጠረጠረች አይደለም የምትከተበው። በዚያ ላይ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያለ ሰውነት ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ከትልቅ ሰው ይበልጣል።

ኢትዮጵያ ክትባቱን በመላ አገሪቱ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው፤ ያኔ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች፣ ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ትምህርት ቤት የቀየረች፣ ያቋረጠች ልጅ ትቀር ነበር። በኋላ ግን ኬንያ ውስጥ በወጣት ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት አንድ መርፌ ብቻ ከ16 እና ከ18 ዓይነቶቹ ከ97 በመቶ በላይ እንደሚከላከል አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ዶዝ ይበቃል አለ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን በአንድ ዶዝ በዘመቻ ከትባለች። ለእኛ አገር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ አንዴ ያገኘሃትን ልጅ ዳግመኛ መፈለግ የለም።

«መካን ያደርጋል» የሚባለውስ? ሐሰት ነው። ከተከተቡ በኋላ ክንድ ሊያም፣ ትንሽ ሊያተኩስ ይችላል። አንዳንድ ልጅ መርፌውን ፈርታ ራሷን ልትስት ስለምትችል 15 ደቂቃ ቁጭ ብላ እንድትቆይ ይደረጋል። ማህፀን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው፤ ሕክምናው ማህፀን ማውጣትን ወይም ጨረርን ይጠይቃልና። ስኮትላንድ ውስጥ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ክትባቱን ከጨረሱ ሴቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ጥናት አንዲትም የማህፀን በር ካንሰር የያዛት አልተገኘችም።

ኮንዶምስ? ይረዳል፤ ግን ኤችፒቪ በቆዳ ንክኪ ስለሚተላለፍ ያልተሸፈነው ቦታ ክፍት ነው። ለኤችአይቪ ኮንዶም ዋና ጋሻ ነው፤ ለእሱ እስካሁን ክትባት የለም። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ በግንኙነት አያስተላልፍም። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢም በግንኙነት ይተላለፋል፤ እሱ ግን ክትባት አለው። ሕፃናት በስድስት፣ በአሥርና በ14 ሳምንታቸው በሚከተቡት ውስጥ ይገኛል። ያ ክትባት ሳይጀመር የተወለድን ትልልቆች ግን ተመርምረን፣ ነፃ ከሆንን ሦስቱን ዙር መከተብ እንችላለን።

እናቶች ደግሞ ልጃቸውን አስከትበው ራሳቸውን ይረሳሉ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ጤና ጣቢያ ሄዳ የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ልትጠይቅ ይገባል። ነገሩ ቀላል ነው። ባለሙያዋ የማህፀን በሩን በለዘበ አሴቲክ አሲድ ታብሳለች፤ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። የተለወጠ ቦታ ካለ ይነጣል። ያ ንጣት ገና ካንሰር አይደለም፤ መሣሪያው ባለበት ብዙ ጊዜ በዚያው ዕለት ይታከማል። ኤችአይቪ በደሟ ያለ ሴት ከዚህ ዕድሜ በፊት ብትጀምር፣ ቶሎ ቶሎም ብትመረመር ይመከራል። የተከተበችም ብትሆን ዕድሜዋ ሲደርስ ምርመራው አይቀርላትም፤ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት አይሸፍንም።

ትምህርት ቤት የማትሄድ ልጅ እንዳትረሳ። ከገጠር መጥታ ዘመድ ቤት የምትኖር የ12 ዓመት ልጅ ካለች፣ ማንም ስሟን መዝገብ ላይ አይጽፍላትም። ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ክትባቱ በነፃ ነው።