«መርፌው መርዝ ነው፣ ቅባቱ ግን አይጎዳም» ለምትሉኝ እህቶቼ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ደንበኛዬ ፋርማሲ መጣች። ዕድሜዋ 50 ግድም ነው። ሰላምታ ሳንጨርስ ግንባሬን ትኩር ብላ አየችና «እውነት ነው እንዴ? መርዝ ተወጋሽ አሉ!» አለችኝ። ቦቶክስ ማለቷ ነው፤ የፊት መስመርን ለማለስለስ የሚወጋው መርፌ። ከ3 ወር በፊት፣ በ49 ዓመቴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅንድቤ መሀል ተወግቻለሁ። አልደበቅኩም፤ አዎ አልኳት። ከልቧ አዘነችልኝ። «ምን ነካሽ? አንቺ የተማርሽ ሰው!» ብላ መከረችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በይ ያችን ቅባት ስጪኝ፤ እዚያ የምገዛበት አልቋል» አለች።

ያች ቅባት ክሎቤታሶል ናት። ማዘዣ የላትም። ፊቷን በየቀኑ ስትቀባው 2 ዓመት ሆኗታል።

ጅማ ውስጥ መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርኩ 20 ዓመት አልፎኛል። ይህን ንግግር ከከተማችን ሰፈሮች፣ ከፈረንጅ አራዳም፣ ከመርካቶም፣ ከአጂፕም በመጡ ሴቶች አፍ ሰምቼዋለሁ። ሰልችቶኛል። ስለዚህ የምሰማውን ሁሉ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ቦቶክስ መርዝ ነው»

ልክ ነው፣ መርዝ ነው። ማንም ሊደብቃችሁ አይገባም። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ያመርተዋል። በ1820ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዩስቲኑስ ኬርነር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም የተበላሸ ቋሊማ በልተው የሚሞቱ ሰዎችን እየተከታተለ ጽፎበታል። ስሙም የመጣው ቋሊማ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ያ ሐኪም ታዲያ ነገሩ በጣም በጥቂቱ ቢሰጥ መድኃኒት ሊሆን እንደሚችል ያኔውኑ ገምቶ ነበር።

ግምቱ ፍሬ ያፈራው ከ150 ዓመት በኋላ ነው። አለን ስኮት የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ የዓይን ሐኪም ሸውራራ ዓይንን ለማቃናት ተጠቀመበት። አሜሪካ በ1989 ለዓይን ሕክምና ፈቀደችው። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ጂን ካራዘርስ የምትባል የዓይን ሐኪም ታካሚዋ ለዓይኗ ስትወጋ የቅንድቧ መሀል እንደሚፈታላት አስተዋለች። ባለቤቷ የቆዳ ሐኪም ነበርና አብረው ተከታተሉት፤ በ1992 ጽፈው አሳተሙት። ለቅንድብ መሀል መስመር በአሜሪካ የተፈቀደው በ2002 ነው። ከዓይን ሐኪም ቤት የወጣ መድኃኒት እንጂ የውበት ሳሎን ፈጠራ አይደለም።

ዋናው ነገር መጠኑ ነው። ለቅንድብ መሀል የተለመደው 20 ዩኒት (የመድኃኒቱ መለኪያ) ነው፤ 5 ቦታ ተከፋፍሎ ይወጋል። ሥር ለሰደደ ማይግሬን የሚሰጠው 155 ዩኒት ነው፤ በ31 ቦታ። ሴሬብራል ፓልሲ የሚባል፣ በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ያለባቸው ልጆች የገተረ የእግር ጡንቻቸው እንዲላላ ይወጉታል። ለልጅ ሲሆን «ተመስገን፣ ሕክምና ተገኘለት» እንላለን። ለእናትየው ግንባር ሲሆን «መርዝ» እንላለን።

«ቅባቱ ግን ምንም አያደርግም»

እዚህ ላይ ነው የምቆጣው።

ክሎቤታሶል ስቴሮይድ ነው። በቆዳ ላይ ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ ከኃይለኞቹ ተርታ ነው። ለከባድ የቆዳ ሕመም፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። መመሪያው ከ2 ተከታታይ ሳምንት በላይ አትቀቡ፣ ፊት ላይ አትቀቡ ይላል። ደንበኛዬ 2 ዓመት ቀባችው፤ ያውም ፊቷን።

ለምን እንደሚያታልል ይገባኛል። መጀመሪያ ላይ በእርግጥ ያምራል። ስቴሮይድ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ እብጠትን ያወርዳል፣ ቆዳ ቀለም የሚሠራበትን አቅም ያዳክማል። በሳምንት ውስጥ ፊት ይጠራል፣ ይለሰልሳል። ጎረቤት «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይላል። ቡና ላይ ስሙ ይነገራል። በወሩ 5 ሴቶች ያንኑ ቲዩብ ይዘው ይዞራሉ።

ከዚያ ቆዳው መሳሳት ይጀምራል። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ይ ሳ ሳ ል። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን እንዳይሠራ ያግዳል። ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች ጉንጭ ላይ ይወጣሉ። አፍ ዙሪያ ቡግር የመሰለ ሽፍታ ይፈላል። ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ የዓይን ግፊት ሊጨምርና ሞራ ሊያስከትል ይችላል። የሳሳ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይሸበሸባል። ሽብሽብ ለማጥፋት የተገዛው ቅባት ሽብሽብ ያመጣል ማለት ነው።

የሚከፋው ስታቆሙት ነው። ፊት ይቀላል፣ ያብጣል፣ እንደ በርበሬ ያቃጥላል። ሴትየዋ ትደነግጥና «ይኸው፣ ካልተቀባሁ ፊቴ አይሆንም» ብላ ትመለስበታለች። ፊቷን ያሳመመው ራሱ ቅባቱ መሆኑን ማን ይንገራት?

የአክስቴ ልጅ እንዲህ ሆናለች። የሠርግ ዝግጅት ላይ ነው የጀመረችው፤ የራሷ ሳይሆን የልጇ ሠርግ ነበር። በዓመቱ ፀሐይ ላይ መቆም አቃታት። እሳት ላይ ወጥ ማማሰል አቃታት። የቆዳ ሐኪም ቀስ በቀስ አላቀቃት፤ ወራት ፈጀባት። ዛሬም ጉንጯ ላይ ያሉት የደም ሥሮች አልጠፉም። ቦቶክስ ግን ከወራት በኋላ በሰውነት ውስጥ ሥራው ያልቃል። የትኛው ነው ታዲያ የሚያስፈራው?

ፊታችሁን ስቴሮይድ እየቀባችሁ ከሆነ ዛሬ ማታ በድንገት አትጣሉት። ቲዩቡን ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስም ያልተጻፈበት ዕቃ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚሸጥ የቆዳ ማንጫ ቅባት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል።

«ፊት ይደነዝዛል፣ መሳቅም ያቅታል»

አይደነዝዝም። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን በሚባል ኬሚካል ነው። ቦቶክስ ይህ ኬሚካል ከነርቩ ጫፍ እንዳይወጣ ያግደዋል። ትእዛዝ ያልደረሰው ጡንቻ ያርፋል፤ ጡንቻው ሲያርፍ ከላዩ ያለው ቆዳ አይታጠፍም። የስሜት ነርቭ ሌላ ነው። እኔ ጀበናው ሲቀርብ እንፋሎቱ ግንባሬን ሲነካኝ ይሰማኛል። ልጄ ስታስቀኝ እስቃለሁ። ያቃተኝ ነገር አንድ ነው፤ እንደ ድሮው መኮሳተር።

የተወጋሁትም ለዚሁ ነው። ቅንድቤ መሀል ሁለት የቆሙ መስመሮች ነበሩኝ። እናቴም ነበሯት። ማዘዣ ሳነብ ደንበኞች «ምን አስቆጣሽ?» ይሉኛል። አንዲት ልጅ የእርግዝና መመርመሪያ ልትገዛ መጥታ ፊቴን አይታ ተመለሰች፤ በኋላ ጓደኛዋ ናት የነገረችኝ። ያ ነገር ልቤን ነካው።

ፊቱ እንደ ጭንብል የሆነ ሰው በፊልም አይታችሁ ይሆናል። ያ የመጠን ጉዳይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩ ሐኪሙን «በትንሹ ጀምርልኝ» በሉት። መጨመር ይቻላል፤ መቀነስ ግን አይቻልም። የገባውን የሚያወጣ መድኃኒት የለም፣ ጊዜው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው።

«ከመርፌው ስትነሺ ፊትሽ ተለውጦ ታያለሽ»

አይደለም። እኔ በ4ኛው ቀን ነው ለውጥ ያየሁት። ሙሉ ውጤቱ በ2 ሳምንት ግድም ይታያል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል። ለሠርግ ካሰባችሁ ዋዜማው ላይ አትሂዱ።

«አንዴ ከጀመርሽ ማቆም የለም፤ ካቆምሽ ፊትሽ ይረግፋል»

ጡንቻው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ መስመሩም ወደነበረበት ይመለሳል። ከነበረው አይብስም።

«በ50 ዓመት ምን ያደርጋል? ረፍዷል»

አልረፈደም፤ ግን የሚጠበቀውን ማወቅ ነው። ሁለት ዓይነት መስመር አለ። አንዱ ስትኮሳተሩ ብቻ የሚታይ ነው። ሌላው ፊታችሁ አርፎም የሚታይ ነው። ቦቶክስ የመጀመሪያውን በደንብ ይይዘዋል። ሁለተኛውን ያለዝበዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። በእኛ ዕድሜ ሁለቱም አለ። የወረደ ጉንጭ አያነሳም፤ ዓይን ሥር ያለ ከረጢትም አያጠፋም። አጠፋለሁ የሚላችሁ ሰው ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው። «በዚህ ዕድሜ ለማን ብለሽ?» ለሚሉ ደግሞ መልሴ አጭር ነው፤ ለራሴ።

«ቦቶክስና ፊለር አንድ ነው»

አንድ አይደሉም፣ ይህን መቀላቀል አደጋ አለው። ቦቶክስ ጡንቻ ያሳርፋል። ፊለር ቦታ ይሞላል፤ ብዙውን ጊዜ ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚባል ጄል ነው። ፊለር በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገባ ደም መንገዱ ይዘጋል። ቆዳ ሊሞት፣ ዓይንም ሊታወር ይችላል። አንድ ሰው «ከንፈርሽን በቦቶክስ አወፍርልሻለሁ» ካላችሁ የሚያደርገውን አያውቅም። ቦርሳችሁን አንሡና ውጡ።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም»

ሜላኒን ይከላከላል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላለች። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። የኛ ደመናም ሁሉንም አያግድም። በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የሚባለው የሕክምና መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት አሜሪካዊ የጭነት መኪና ሹፌር ፎቶ አውጥቶ ነበር። 28 ዓመት በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ያገኘው ግራ ፊቱ ከቀኙ እጅግ የተሸበሸበ ነው። ሰውየው ነጭ ነው፤ በእኛ ቆዳ ሽብሽቡ ዘግይቶ ይመጣል፣ ማዲያትና ጥቁረቱ ግን ቶሎ ይታያል። ግቢ ውስጥ ቡና ስታሰጡ ባርኔጣ አድርጉ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። ከመርፌው በፊት ገንዘብ ልታወጡበት የሚገባው ይህ ነው።

«መርፌ መውጋት የሚችል ሁሉ ይወጋል»

አይችልም። አንዲት የማውቃት ሴት ሰው ቤት ውስጥ፣ ሳሎን ላይ ተቀምጣ ተወጋች። የወጋቻት ልጅ ሐኪም አልነበረችም። ብልቃጡ አስቀድሞ የተከፈተ ነበር። በሳምንቱ የቀኝ ዓይኗ ቆብ ወረደ። 6 ሳምንት ግማሽ ዓይኗን ከድና ተቀመጠች፤ ሥራ ስትሄድ ጥቁር መነጽር ታደርጋለች። ይህ ጥሩ ሐኪም ዘንድም አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ መድኃኒቱ ወደ ዓይን ቆብ ጡንቻ ሲሰርግ ነው። ጊዜያዊ ነው፣ ይመለሳል። ጡንቻውን የሚያውቅ እጅ ሲሆን ግን ዕድሉ ያንሳል። በ2024 አሜሪካ ውስጥ ሳይቀር ሐሰተኛ ቦቶክስ የተወጉ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል።

ስለዚህ ከመወጋታችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። የቆዳ ወይም የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም መሆኑን ጠይቁ። ብልቃጡን ዓይናችሁ እያየ ይክፈቱት፤ ስሙንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ከፍሪጅ መውጣቱን እዩ። ስንት ዩኒት እንደገባ በወረቀት ይጻፍላችሁ፤ የአንዱ ብራንድ ዩኒት ከሌላው ጋር እኩል አይደለም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ ይቅር። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ መድከም ሕመም ያለበት ሰው ጭራሽ አይሞክረው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ሰሞኑን ጄንታማይሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የተወጋችሁ፣ ተናገሩ። ከተወጋችሁ በኋላ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገራችሁ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እኔ አዲስ አበባ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነው የተወጋሁት። ሐኪሟ ለ4 ሰዓት እንዳልተኛ፣ ግንባሬን እንዳላሽ፣ ሻሽም ጠበቅ አድርጌ እንዳላስር ነገረችኝ። ትንሽ በለዘ፣ የዚያን ዕለት ራሴን አመመኝ፣ አለፈ። ያላሰብኩበት ነገር የ2 ሳምንቱን ክትትል ነው። ለ10 ደቂቃ ምርመራ 350 ኪሎ ሜትር መመለስ ነበረብኝ። ከጅማ የምትሄዱ ይህንን ወጪ ከመጀመሪያው ቁጠሩት።

ለቅዳሜዋ ደንበኛዬ ቅባቱን አልሸጥኩላትም። ተቆጥታ ሄደች። ማክሰኞ ተመልሳ መጣች፤ ያለቀውን ቲዩብና ካርቶኑን በፌስታል ይዛ። ውስጡ ያለውን ወረቀት አውጥቼ በአማርኛ አነበብኩላት፤ «ፊት ላይ አይቀባም» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝና ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት። መነጽሯን አድርጋ እዚያች መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። ከዚያ «የቆዳ ሐኪሙ የትኛው ቀን ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀችኝ።