ጣና ዳር የሚያርፉት ወፎች፦ ስለ እነሱም ስለ ፎቷቸውም የምንሳሳተው

ጥቅምት ሲጋመስ የጣና ዳርቻ በወፍ ይሞላል። ከአውሮፓ፣ ከሩሲያ፣ አንዳንዶቹም ከሰሜን ዋልታ አካባቢ የተነሱ ወፎች ወደ ደቡብ ሲወርዱ ጎጃም ላይ ያርፋሉ። አንዳንዱ ጥቂት ቀን በልቶ ጉዞውን ይቀጥላል። አንዳንዱ እስከ የካቲት መጨረሻ እዚሁ ይከርማል። በእነዚህ ወራት ካሜራ ይዞ ወደ ውሃው ዳር የሚወርደው ሰውም እየበዛ መጥቷል። ደስ ይላል። ግን ስለ ወፎቹም ስለ ፎቶውም ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች አሉ። አንዳንዶቹ የሚያበላሹት ፎቶ ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ግን ወፎቹን ይጎዳሉ፤ በእነዚህ ላይ ዝም ማለት ይከብደኛል።

«ባሕር የለንም፤ የባሕር ዳርቻ ወፍ ከየት ይመጣል?»

እነዚህ ወፎች ጨው አይደለም የሚፈልጉት። የሚፈልጉት ስስ ውሃ፣ ለስላሳ ጭቃና ጭቃው ውስጥ ያለውን ትል ነው። ጣና ይሄ ሁሉ አለው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ዳር ዳሩን ብዙ ቦታ ላይ ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ቀጭን እግርና ረዥም መንቆር ላለው ወፍ ከዚህ የተሻለ ማዕድ የለም።

ሊትል ስቲንት የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው። የምትፈለፈለው በሰሜን ዋልታ ዙሪያ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ምድር ነው። ያቺው ወፍ ኅዳር ላይ የጣና ጭቃ ላይ ላይ ታች ስትል ታገኛታለህ። ብዙ ሰው «ድንቢጥ ናት» ብሎ ያልፋታል። እኔ ግን ከፔሊካኑም ከንስሩም በላይ የምትገርመኝ እሷ ናት።

«ብርዱን ሸሽተው ነው የሚመጡት»

ከፊሉ እውነት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ምግብ ነው። ላባ ከብርድ በደንብ ይከላከላል። አገራቸው ላይ ውሃው በረዶ ሲሆን፣ መሬቱ ሲደርቅና ነፍሳቱ ሲጠፉ፣ ቀኑም ሲያጥር የሚበሉትም የሚበሉበትም ሰዓት ያንሳል። ምግብ የሚያገኝ ወፍ ብርዱን ችሎ እዚያው ይቀራል። የማያገኘው ይሰደዳል።

ይህን ማወቅ ለፎቶ ይጠቅማል። ወፍ መፈለግ ያለብህ ሞቃት ቦታ ላይ ሳይሆን ምግብ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሐይቁ ጢም ብሎ በሞላበት በመስከረም መሄድ ብዙ አያዋጣም። ውሃው መሸሽ ሲጀምር ጭቃው ይጋለጣል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ዳርቻው በየሳምንቱ መልኩን ይቀይራል። ባለፈው ወር ወፍ ያየህበት ቦታ ዛሬ ደርቆ ከብት ይግጥበት ይሆናል። መጀመሪያ ውሃው የት እንደደረሰ እይ፤ ወፎቹ እዚያው ጠርዝ ላይ ናቸው። ግልገል አባይ ወደ ጣና የሚገባበት አካባቢና የጭምባ ረግረግ ለዚህ ጥሩ ናቸው። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥም ቢሆን ከሐይቁ ዳር ሳትርቅ ብዙ ታያለህ።

«ትልቅ ሌንስ ከሌለህ አትድከም»

ይሄ ወሬ ስንቱን ወጣት እንዳስቀረ አላውቅም። እውነት ነው፣ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ሰው ትንሿን ወፍ ከሩቅ ይስባታል። ግን ባሕር ዳር ላይ ዓሣ አጥማጆች ዓሣቸውን በሚያወርዱበት ቦታ ፔሊካኖቹ ተረፈ ዓሣ ፍለጋ ሰው አጠገብ ይመጣሉ። እዚያ 70–300 የሚባለው ርካሽ ሌንስ ይበቃል። እንዲያውም ለፔሊካን ፊት አንዳንዴ ይረዝማል። ስልክ ብቻ ያለውም ቢሆን ወፉን ሳይሆን ወፉ ያለበትን ቦታ ያንሳ። ታንኳው፣ ደንገሉ፣ ውሃው፣ መሐሉ ላይ አንድ ነጭ ሽመላ። እንዲህ ያለው ፎቶ ቦታውን ይናገራል፤ ከሩቅ ተስቦ ከደበዘዘ ወፍ ይሻላል።

ከሌንሱ ይልቅ ልዩነት የሚያመጣው ቁመትህ ነው። ቆሞ ወደ ታች የተነሳ ወፍ ትንሽና ብቸኛ ይመስላል። ተቀመጥ፤ ከቻልክ ጭቃው ላይ በደረትህ ተኛ። ካሜራው ከወፉ ዓይን እኩል ሲሆን ኋላው ይለሰልሳል፣ ወፉ ጎልቶ ይወጣል። ልብስ ይታጠባል።

ስለ ማስተካከያው ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛው፣ ለሚበር ወፍ የሹተር ፍጥነቱ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባይወርድ ይመረጣል፤ ለዚህ ሲባል አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከፍ ማድረግ አያስፈራ። ሁለተኛው፣ ነጭ ወፍ ጥቁር ውሃ ላይ ሲቆም ካሜራው ይታለላል። ጨለማውን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ የወፉ ላባም ነጭ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። ራስህ ብርሃኑን ቀንስለት።

«ፀሐይ ካለች ሰዓቱ ለውጥ የለውም»

አለው፣ በጣም። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ከጭቃውና ከውሃው ላይ የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል። ሩቅ ያለ ወፍ ፎከስ የያዘ ይመስልሃል፤ ቤት ገብተህ ስታየው ብዥ ብሏል። ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም። ምርጡ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽት ነው። ጠዋት ሐይቁም ብዙ ጊዜ ይረጋል። ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ውሃው ይናወጣል።

ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን የቆምክበትን ዳርም አስብ። ይሄን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ባሕር ዳር የሐይቁ ደቡብ ጫፍ ላይ ናት፤ ወደ ውሃው ስታይ ፊትህ ወደ ሰሜን ነው። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ከኋላህ ወይም ከጎንህ ይመጣል። ስለዚህ ለጠዋትም ለማታም ምቹ ናት። በምዕራቡ ዳር፣ በቁንዝላ በኩል ከሆንክ ግን ሐይቁ ያለው በምሥራቅህ ነው። ጠዋት ፀሐይ ዓይንህ ውስጥ ትገባለች፣ ወፉም ጥላ ብቻ ይሆናል። ጥላውን ከወደድከው ጥሩ ነው። የላባውን ቀለም ከፈለግክ ግን ወደ ምዕራቡ ዳር ከሰዓት ሂድ።

«ሲበሩ ነው የሚያምሩት፤ አስነሷቸው!»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንዱ ካሜራውን ደግኖ ይጠብቃል፤ ጓደኛው ወይም ሰፈር ውስጥ ያገኙት ልጅ ድንጋይ ይወረውራል። መንጋው በአንዴ ይነሳል፤ ፎቶው ይነሳል፤ ሁሉም ይስቃል። ወፎቹ ምን እንዳጡ ያሰበ የለም።

እዚህ ጭቃ ላይ የሚበሉት ለዕለት ሆዳቸው ብቻ አይደለም። በየካቲትና በመጋቢት ለሚጠብቃቸው የመልስ ጉዞ ስብ ያጠራቅማሉ። አንዳንድ የባሕር ዳርቻ ወፎች ከመነሳታቸው በፊት ክብደታቸው እጥፍ ሊሆን ይደርሳል። ያ ስብ ሰሃራን ማለፊያ ስንቅ ነው። በአንድ ጠዋት አራት አምስት ጊዜ የተባረረ መንጋ የበላውን መልሶ በክንፉ ያቃጥላል። ያን ጊዜም አይበላም። እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ ሲደጋገም ወፏ ሳትጠግብ ትነሳለች።

የሚበር ወፍ ማንሳት ትፈልጋለህ? ትክክለኛ ነው፣ እኔም እፈልጋለሁ። መንገዱ ሌላ ነው። ለምሳሌ ክሬን የሚባሉት ረዣዥም ግራጫ ወፎች ሌሊቱን ስስ ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጎህ ሲቀድ ወደ እርሻ ይሄዳሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለሳሉ። ማደሪያቸውንና እርሻውን አንድ ቀን እይና በሁለቱ መሐል፣ ከሁለቱም ራቅ ብለህ ተቀመጥ። በራሳቸው ጊዜ፣ በራሳቸው ፈቃድ በላይህ ያልፋሉ። የተረጋጋ መንጋ በሰልፍ ይበርራል፤ የደነገጠ መንጋ ይበታተናል፣ ጀርባውንም ይሰጥሃል። ለፎቶውም ቢሆን የቱ እንደሚሻል ግልጽ ነው።

ስትጠጋም ምልክቱን እይ። መብላት አቁመው አንገታቸውን ቀጥ ካደረጉ ደርሰሃል ማለት ነው፤ እዚያው ቁም። መራመድ ወይም መጮህ ከጀመሩ አልፈሃል፤ ተመለስ። ወፎቹ እረኛውንና ዓሣ አጥማጁን ለምደውታል፣ ምክንያቱም ሥራውን ይሠራል እንጂ አያፈጥባቸውም። ዓይኑን ተክሎ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ሰው ግን አዳኝ ይመስላቸዋል። ጎንበስ በል፣ ሰያፍ ሂድ፣ አረፍ በል። እረኛውን ሰላም ብለህ ከብቶቹ አጠገብ ለመቀመጥ አስፈቅድ፤ ከዚያ የሚገኘው ፎቶ ያስደስትሃል። በውሃ ላይ ከሆነ ከሞተር ጀልባ ይልቅ ታንኳ ይሻላል፣ ድምፅ የለውም። ባለታንኳው «በዚህ በኩል ጉማሬ አለ» ካለህ ግን አትከራከር።

ድሮንም ከድንጋዩ አይለይም። ወፍ ከላይ የሚመጣን ነገር እንደ ጭልፊት ነው የምታየው። ያለ ፈቃድ ማብረርም አይቻልም።

«ክሬን የገበሬ ጠላት ነው»

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ክሬኖቹ እርሻ ውስጥ ሲታዩ «እህላችንን ጨረሱት» የሚባል ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚለቅሙት ግን ቃርሚያ ነው፤ ከአጨዳና ከውድማ የተረፈውን ፍሬ። ከፍሬው ጋር ነፍሳትም ይበላሉ። ይህ ማለት ገበሬው ሁልጊዜ ተሳስቷል ማለት አይደለም። አዲስ የተዘራ ዘር ወይም ገና የበቀለ ሽምብራ ላይ ከወረዱ ጉዳት አለ፤ የደከመበት ሰው ቢያባርራቸው አልፈርድበትም። አንተ ግን ለፎቶ ብለህ ማሳው ውስጥ አትግባ። ወፉ ያልረገጠውን አንተ ትረግጣለህ። ባለቤቱን ጠይቅ፣ በድንበሩ ሂድ።

«ደንገሉ ባዶ ረግረግ ነው» 

ባዶ አይደለም። ብዙ ወፍ ጎጆውን የሚሠራውና ልጆቹን የሚደብቀው እዚያ ውስጥ ነው። ጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል ሲመነጠር የሚጠፋው ታንኳው ብቻ አይደለም። ደንገሉ ውስጥ ገብተህ ጎጆ አትፈልግ፤ ከውጭ ሆነህ ጠብቅ። የሚወጣው ይወጣል።

«እምቦጩ ላይ ወፍ አይቻለሁ፤ ስለዚህ አይጎዳም»

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ለፎቶ ያምራል። ጃካና የሚባለው ወፍም ረዣዥም ጣቶቹን ዘርግቶ ላዩ ላይ ሲራመድ ይታያል። ግን ጃካና በማንኛውም ተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ይሄዳል፤ የውሃ አበባም ይበቃው ነበር። እምቦጩ የሚሸፍነው ስሱን ውሃና ጭቃውን ነው። ከላይ የነገርኳችሁ 25 ግራም ወፍ የምትበላበትን ቦታ ማለት ነው። ውሃው ብርሃንና አየር ያጣል፤ ዓሣውም ይቸገራል። ፎቶውን አንሳ፣ ግን ስትለጥፈው «እንዴት ያምራል» ብቻ ብለህ አትለፍ። ምን እንደሆነ ጻፍበት።

«የሚያምረው ወፍ ሁሉ የውጭ እንግዳ ነው»

አይደለም። ዘውድ ያለው ጥቁሩ ክሬንና ከጉንጩ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቁ ክሬን የአገራችን ኗሪዎች ናቸው። ዓሣ አዳኙ ነጭ ራስ ንስርም እንደዚያው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላም እዚሁ አሉ፤ እዚሁ ይፈለፍላሉ። ዩኔስኮ በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጣናን አካባቢ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ ሲመዘግብ ለእነዚህም ለእነዚያም ነው።

«እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ሰላይ ነው»

ሳቅ የሚያመጣ ቢመስልም በቁም ነገር የሚያምን አለ። በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ግብፅ ውስጥ መከታተያ መሣሪያ የታሰረበት አንድ ሽመላ ተጠርጥሮ እስከ መያዝ ደርሷል። እውነታው ቀላል ነው። ቀለበቱን የሚያስሩት ወፉ የት እንደሚሄድና ስንት ዓመት እንደሚኖር ለማወቅ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው። ድሮ አውሮፓውያን ሽመላ በክረምት የት እንደሚገባ አያውቁም ነበር። በ1822 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀርመን ውስጥ አንገቱ ላይ የአፍሪካ ጦር እንደተሰካበት የተመለሰ ሽመላ ተገኘ። ወፎቹ እዚህ ድረስ እንደሚመጡ ከገለጡት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ ያ ጦር ነው። ዛሬ ያንን ሥራ ቀለበቱ ይሠራል፣ ያንተም ካሜራ ይሠራል።

ስለዚህ ቀለበት ያለው ወፍ ስታይ ፊቱን ብቻ አታንሳ፤ እግሩንም አንሳ። ክሬን ከሆነ በሁለቱም እግሮቹ ላይ ባለ ቀለም ቀለበቶች ተደርድረው ሊሆን ይችላል። የቀለማቱ ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች፣ በግራ የትኛው በቀኝ የትኛው እንደሆነ መለየት አለበት። ቁጥር ወይም ፊደል ካለ ወፉ ሲዞር ደጋግመህ አንሳ፤ አንዱ ፎቶ ላይ ግማሹ፣ ሌላው ላይ ቀሪው ይነበባል። ቀኑንና ቦታውን ጻፍ፤ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ዩሪንግ የተባለው የአውሮፓ ወፍ ቀለበት አሳሪዎች ኅብረት ድረ ገጽ ላይ መላክ ትችላለህ። መልስ ከመጣ ወፉ መቼና በየትኛው አገር ቀለበት እንደታሰረለት ይነግሩሃል።